በአንድ ማለዳ መርዶና ስብሰባ

በእኛ አገር ደስታ ባለጌ ነው፤ በስልክ ይመጣል፣ ምሳ ላይ ይመጣል፣ ገበያ መሀል ይዞ ያስጮኽሃል። ሐዘን ግን ጨዋ ነው። ብቻውን አይመጣም። ሽማግሌ ያስቀድማል፣ ጋቢውን ያጣፋል፣ ሳይነጋ ግቢህ ገብቶ እስክትነቃ ይጠብቅሃል። ስለዚህ በማለዳ በርህን ከፍተህ ጎረቤቶችህ ድምፅ ሳያሰሙ ተቀምጠው ካገኘሃቸው፣ ማን እንደሞተ ትጠይቅ ይሆናል እንጂ ሰው ሞቷል ወይ አትልም። አምቦም ሆነ እጃጂ ይህን ያለ መምህር ተምረነዋል። ያልተማረው ኢንተርኔት ነው።

ተከራዬ ሲስተር ሌንሴ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ነርስ ናት። ስለ ዕድርና ስለ ጤና ያጠናችውን ባሕር ማዶ በሚደረግ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ እንድታቀርብ ተጠራች። ሻንጣ ተገዛ። እጃጂ ወርዳ አባቷን አስመረቀች፤ እሳቸውም መርቀው ሲያበቁ፣ “ብቻ ሰው አገር ሄደሽ እንዳታሚን” አሏት። እኔም ዶሮ ሠርቼ ሸኘኋት። ከዚያ ኮሮና መጣና ስብሰባው ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ። የበላነውን ዶሮ እንግዲህ ማን ይመልስ።

እሷ ግን ሥራ ፈታ አልተቀመጠችም፤ ጥናቷን ወደ ለቅሶ አዞረችው። ከጊንጪ እስከ እጃጂ ባሉት ዕድሮች እየዞረች፣ ለቅሶ ላይ አትተቃቀፉ፣ ማስክ አድርጉ፣ ተራርቃችሁ ተቀመጡ ስትል ከረመች። ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ለቅሶ ሲመጣ ሰው ሁሉ ተቃቀፈ። እኔማ ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ፤ ለቅሶ ቤት ተራርቆ የሚቀመጥ የተጣላ ሰው ብቻ ነው። መደምደሚያዋም ወደዚያው ሄደ፦ ሕዝቡ ምክሩን በአፉ ይቀበላል፣ በሐዘን ቀን ግን አያደርገውም።

ንግግሯን ስትለማመድ ሰምቼ፣ “አባትሽ እንዳታሚን ያሉት እኮ ይህንኑ ነው” አልኳት።

“እትዬ፣ ጥናት ሐሜት አይደለም።”

“በምን ይለያል?”

“ሐሜት በሌሉበት ነው።”

“እኛስ ስብሰባው ላይ የት አለንና?”

ወረቀቷን ገልብጣ ልምምዷን ቀጠለች። እኔም ብዙ አልገፋሁባት፤ አባቷ ታመው ከተኙ ሰንብተው ነበርና ልቧ ለሁለት ተከፍሏል። ይህቺን ስብሰባ ግን ሁለት ዓመት ጠብቃታለች፤ ሥራዋን ሰው ፊት የምታቆምባት አንዲት ቀን ናት።

የአስተናጋጁ አገር ፀሐይ ከእኛ ትቀድማለችና ተራዋ ጎህ ሲቀድ ደረሰ። ዓለም ካየን አይቀር ጽጌረዳዬን ይየው ብዬ፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥቼ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

ገና ሳይነጋ ወንድሟ በእኔ ስልክ ደወለ። አባታቸው አርፈዋል። “መኪና ልኬያለሁ፣ ቀብሩ ዛሬ ነው። በስልክ እንዳትሰማ፣ በሰው አርዱልኝ” አለ። ለዕድራችን ዳኛ ለኦቦ ቶሎሳ ሰው ላክሁ። ጎረቤት ሰብስበው ከደጄ ሲደርሱ ሌንሴ ንግግሯን ጀምራለች።

“እየተናገረች ነው” አልኳቸው።

“ከማን ጋር?”

“ከዓለም ጋር።”

ኦቦ ቶሎሳ ጋቢያቸውን አጣፉ። “ብዙ ይቆያል?”

“ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።”

“እንግዲያ ትጨርስ። አባትየው ከእንግዲህ የትም አይሄዱም። ካቋረጥናት አባቷንም ስብሰባዋንም በአንድ ማለዳ ታጣለች።”

እነሱ ግቢ ውስጥ ቀሩ፤ እኔ ገብቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ፊቴን እንዳታነበው ጎንበስ ብዬ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። በሩን ስጠብቅ መስኮቱን ረሳሁት።

መደምደሚያዋን ጨረሰች። ስብሰባውን የሚመሩት ሴትዮ ጥያቄ ጠየቋት፤ በኋላ እንደነገረችኝ እንዲህ ነበር ያሉት፦ “ከኋላሽ ያሉት የጥናትሽ ሰዎች ናቸው? እንዴት በሥርዓት ተራርቀው ተቀምጠዋል።”

ሌንሴ ዞረች።

ከጽጌረዳው ወዲያ ጎረቤት ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ማስኩን አጥልቆ ተቀምጧል። አንዱ በርጩማውን ከአጥሩ ሥር አኑሯል፣ ሌላዋ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ ባለሱቁ ሸምሱ ከበሩ ዳር፤ እርስ በርስ የተኳረፉ ይመስላሉ። እንዲህ አድርጉ ያላቸው የለም። በሌላው ለቅሶ እንቢ ያሏትን በእሷው ሐዘን እሺ አሏት።

ሁለቱን በአንድ እይታ ተረዳች፤ አባቷ ሞተዋል፣ ምክሯም ተሰምቷል። ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰችና ቀስ ብላ፣ “መደምደሚያዬ ስሕተት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አባቴ ሞቶ ነው” አለቻቸውና ወጣች።

ኦቦ ቶሎሳ ካሉበት ሳይነቃነቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ “ኦብሲ፣ ኢንታላ ኮ” አሉ፤ ቻይው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሁሉም በየቦታው ቆሞ አለቀሰ። መጽሐፍ ላይ ቢጻፍ ያምራል። ለዓይን ግን እንዴት ይከብዳል።

ብዙም አልቆየ። ሌንሴ ግቢውን ተሻግራ ኦቦ ቶሎሳ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሌላው ምን ይጠብቃል? ያ ሁሉ በርጩማ ወደ አንድ ጎን ወደቀ። ሥርዓቱን ያፈረሰችው ሥርዓቱን ያስተማረችው ናት።

ነጠላዋን ላመጣላት ስገባ ኮምፒውተሩ አልተዘጋም። የዓለም ሰው በየትንንሽ ሳጥኑ ለየብቻው ተቀምጦ በመስኮቴ ያየናል። አንዳንዱ ዓይኑን ይጠርጋል፤ አጠገቡ አይዞህ የሚለው የለም። ጽጌረዳዬን ልብ ያለው አልመሰለኝም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የስብሰባው ወረቀት የፊተኛውን መደምደሚያ ይያዝ ወይ የታረመውን፣ ሌንሴን ጠይቄያት አላውቅም። እኔን ቢጠይቁኝ ደግሞ፣ ከግቢው ውስጥ ነበርኩና የትኛው ልክ እንደሆነ መናገር አልችልም፤ ያ ሁሉ ሰው ሲተቃቀፍ እኔም ሸምሱን አቅፌ እያለቀስኩ ነበር።