ጋሽ ላብአደር እንዳሉት

ጂም ባለበት ሁሉ፣ ማንም ሳይሾማቸው የሚያሰለጥኑ አንድ ሰው አይጠፉም። ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ በላይ ባለው ጂም ያሉት ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው፣ በዚያ ላይ የዝናብ ልብስ ለብሰው ስለሚሮጡ እውነተኛ ስማቸው ተረስቶ «ጋሽ ላብአደር» ሆነዋል።

ልብስ ሰፊዋ እዚያ የወጣችው ወዳ አልነበረም። ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ እየዋለች ወገቧ አላስቀምጥ አላስነሳ ሲላት፣ ሐኪሙ «ጡንቻሽን አጠንክሪ» ብሏት ነው። ገና ትንሿን ክብደት ብድግ ከማድረጓ ክቡርነታቸው ከተፍ አሉ።

«ተይ እህቴ! ሴት ልጅ ብረት ካነሳች ትከሻዋ በር ያህላል።»

ደንግጣ አስቀመጠችው። «ታዲያ ምን ልሥራ?»

«ሆድሽን! ተጋደሚ፣ ተነሽ። የሆድ ስብ የሚቀልጠው ሆድ ሲሠራ ነው። ውሃ ደግሞ እንዳትጠጪ፤ የቀለጠው መልሶ ይረጋል።»

የጂሙ አሰልጣኝ ሰምታ መጣች። «ጋሼ፣ ስብ ከየት እንደሚቀንስ እኛ አናዘውም፤ ሰውነት ራሱ ነው የሚመርጠው። እሷም ክብደት ስላነሳች በር አትሆንም፤ ወገቧ ነው የሚጠነክረው። በላብ የሚወጣው ደግሞ ስብ ሳይሆን ውሃ ነው።»

«ልጄ፣ አንቺ በወረቀት ተማርሽ፤ እኔ በላቤ» ብለው ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ ዓይናቸው ተንከራተተና ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ አሉ። ልብስ ሰፊዋ የዝናብ ልብሱን አወለቀችላቸው፤ አሰልጣኟ ውሃ አጠጣቻቸው። ነፍስ ሲዘሩ የመጀመሪያ ቃላቸው «ስቡ ወደ ጭንቅላቴ ወጥቶ ነው» የሚል ነበር።

ይህን አይታም ልብስ ሰፊዋ አልተማረችም። «ካላመመሽ አልሠራሽም» ሲሏት አምናቸው፣ ወገቧ እየጮኸ ስትታገል ዋለች። በማግስቱ ከአልጋዋ መውረድ አቃታት። ሱቋ ተዘጋ፤ የሙሽራ ቀሚስ ሳይጠናቀቅ ተሰቅሎ ቀረ። ስትድንም «ሁለተኛ ጂም የሚባል!» ብላ ማለች።

ሱቋን በከፈተች ዕለት ጋሽ ላብአደር በሩ ላይ ቆሙ። የዝናብ ልብስ አልለበሱም።

«አሰልጣኟን ጠየቅኋት» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ጡንቻ ትንሽ ቢዝልም እንዲህ የሚያስተኛ ሕመም ሲመጣ ማቆም ነው አለችኝ። እኔ ሾፌር ነኝ እህቴ፤ መንገድ ስስት መኪናዬን አዞራለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ይሁን ጋሼ። ግን አልመለስም።»

«ነይ እንጂ! እኔ እኮ የምሄደው ለቦርጬ አይደለም። ቤት ብቻዬን ስውል ግድግዳው ይመጣብኛል። አንቺ ከቀረሽ በኋላ ደግሞ የሚሰማኝ ጠፋ።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። መሐላዋን ያስረሳት የሐኪሙ ምክር አልነበረም።

ጂም ስትመለስ አሰልጣኟ በቀላል ክብደት አስጀመረቻት። ጋሽ ላብአደር አጠገቧ ቆመው ከንፈራቸውን ነክሰዋል፤ ፊታቸው ቀልቷል።

«ምነው ዝም አሉ ጋሼ?»

«አሰልጣኟ ምክር እንዳልሰጥሽ አስምላኛለች» አሉና፣ ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዋ ተጠጉ። «ግን በግራ እግር ከጀመርሽ ልብ ይጠነክራል።»

ሳቋ ስላሸነፋት ክብደቱን መሬት አኖረችው። ዛሬ ወገቧ ቀጥ ብሏል። ጋሽ ላብአደር ከሚሉት አንዱንም አታምንም፤ እሳቸው ካልመጡ ግን ደረጃውን አትወጣም።