አሲድና ጃንጥላ

በየከተማው ፊት የሚያክም ሰው አይጠፋም። ሳትማርም ሳትሾምም ጉንጭሽን ከሩቅ አይታ «ውይ! ምን አድርገሽው ነው?» የምትል ሴት የሌለችበት ሰፈር ካለ፣ እሱ ሰፈር ገና ሰፈር አልሆነም። በዘጠና ስምንት ዓ.ም. ሰቆጣ ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የነበሩት ክብርት ጥሩሐረግ ናቸው። አንቱታው ግን እዚህ ላይ ይብቃት፤ ገና ሠላሳ አምስት አልሞላትም።

ጥሩሐረግ ቤይሩት አንዲት ሀብታም እመቤት ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሌላው ከዐረብ አገር ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ይዞ ሲገባ፣ እሷ ይዛ የገባችው አንድ ካርቶን ብልቃጥና አንድ ጥቁር ጃንጥላ ነበር። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግላይኮሊክ አሲድ ይባላል። አሲድ ሲባል ሰው የመኪና ባትሪ እየመሰለው ይሸሻል፤ እሷ ግን «ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ነው! የሞተውን ቆዳ አላልቶ ያነሳል፣ ከሥር ያለው ብቅ ይላል» እያለች ታስረዳለች። እመቤቷ ፊቷን ስትታከም ፎጣ ይዛ ቆማ ያየችው ነው። በእሷ ቤት ዩኒቨርሲቲ ማለት ይኸው ነው።

ጃንጥላውስ? አሲድ የነካው ፊት ፀሐይ አይችልም። ስለዚህ ጥሩሐረግ ከበሯ እስከ ወፍጮ ቤት ሃምሳ እርምጃ ለመሄድ ጃንጥላ ትዘረጋለች። ገበያም በጃንጥላ፣ ለቅሶም በጃንጥላ። ቄስ ወልደ ጻድቅ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተዋት «ምነው ጥሩሐረግ፣ ዝናብ አለ እንዴ?» ቢሏት፣ «አባቴ፣ ይሄ ፊት ስንት ዓመት ፈጅቷል፤ በአንድ ቀን ፀሐይ ላስወስደው ነው?» አለቻቸው።

ጠዋት ማታ የምትደጋግማት አንዲት ቃል ደግሞ አለቻት፤ «ቆዳ ትዕግሥት ነው!» ብጉር ያስቸገራት ልጅ ስትመጣ፣ መጀመሪያ ክንዷ ላይ በውስጥ በኩል አንዲት ጠብታ ትቀባና «ነገ ተመለሺ» ትላታለች። ነገ ስትመለስ «ከነገ ወዲያ» ትባላለች። ቢሮ እንኳ ሰውን እንዲህ አያመላልስም።

የጎረቤቷ ልጅ ሠርካለም ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ያምራል፤ ለዘንድሮው ሻደይ ግጥም አውጪ ሆና ተመርጣለች። ፍልሰታ ሲፈታ የዋግ ልጃገረድ የሻደይን ቅጠል ወገቧ ላይ አስራ አደባባይ ትወጣለች፤ አውጪዋ ከፊት ትቆማለች፤ ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ነው። የሠርካለም ጉንጭ ግን ብጉርና ጠባሳ ሞልቶታል። አምና ግማሽ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ከኋላ ነበር የቆመችው። ዘንድሮም እንደዚያ እንዳይሆን ነው ጭንቋ ሁሉ።

ነሐሴ ሊገባ ሲል ጥሩሐረግ የወለደች እህቷን ልታርስ አምደወርቅ መሄድ ነበረባት። ከአሲዱ ጥቂት በዓይን ጠብታ ብልቃጥ ቀድታ ለሠርካለም ሰጠቻት።

«በሳምንት አንድ ቀን፣ ስትተኚ። ፀሐይ እንዳትወጪ። ሰምተሻል? ቆዳ ትዕግሥት ነው!»

«እሺ፣ እትዬ።»

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ፍልሰታ ነው፤ አገሩ በሙሉ ሱባኤ ይዟል። እናቷ እናትነሽ ለወገቧ ሰባት ቀን ጠበል ትጠመቃለች። ሠርካለም ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የምታውቀው ፈውስ ሰባት ቀን ተከታትሎ የሚያዝ ነው፤ አንድ ቀን ከተጓደለ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። በሳምንት አንዴ የሚያድን መድኃኒት የት አገር አለ? «እትዬ ሰስታ ነው» አለች በሆዷ። ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ሰባቱንም ቀን ቀባችው። ቀን ቀን ደግሞ እናቷን ጠበል ታደርሳለች፣ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ።

በአምስተኛው ቀን ፊቷ ይለበልባት ጀመር። በሰባተኛው ተላጠ፤ ውሃ ሲነካው ያቃጥላል። መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዙራ «አለቀልኝ! ዘንድሮም ከኋላ ልቆም ነው» ብላ አለቀሰች።

ጥሩሐረግ በማግሥቱ ከአምደወርቅ ገብታ ይህን ጉድ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ ልጄ! ስንት ቀን ቀባሽው?»

«ሱባኤ ያዝኩበት፣ እትዬ።»

ልትቆጣ ስትል ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ኮስተር ብላ ብልቃጡን ቀማቻት፤ ሳሙናውንም ከለከለቻት። ከቀዝቃዛ ውሃና ከቫዝሊን በቀር ምንም አልፈቀደችም። በየጠዋቱ እየመጣች ታያታለች። «ይድናል፤ አይዞሽ። አዲስ ቆዳ እንደ አራስ ልጅ ነው፤ ጥላ ብቻ ነው የሚፈልገው» ትላለች።

እውነትም ዳነ። ግን ሻደይ ጥላ ውስጥ አይጨፈርም፤ የነሐሴ ፀሐይ ደግሞ ደመና ገልጣ ስትወጣ ትጋረፋለች። በዋዜማው እናትነሽ «ይቅርባት በቃ፤ ለከርሞ ታወጣለች» አለች። ሠርካለም የተቆረጠላትን ቅጠል ብቻ ታያለች። ጥሩሐረግ ብድግ አለች። «ማንም አያስቀራት! እኔ አለሁ» አለች።

በበዓሉ ቀን ሠርካለም ከፊት ቆመች፣ ነጠላዋን ከፊቷ አንስታ። ከራሷ በላይ ጥቁሩ ጃንጥላ ተዘርግቷል። የያዘችው ጥሩሐረግ ናት፤ ልጅቷ ስትዞር እየዞረች፣ ስታጎነብስ እያጎነበሰች፣ ከበሮው ሲፋጠን እየሮጠች። ጃንጥላው ለሁለት አይበቃም፤ ስለዚህ እሷ ፀሐዩ ላይ ነበረች። ቄስ ወልደ ጻድቅ ሲያልፉ «ጥሩሐረግ፣ ዛሬስ ዲቁናውን ተቀበልሽ!» አሏት። «አባቴ ይጸልዩልኝ፣ እጄ ሊገነጠል ነው» አለች ላቧን እየጠረገች። እንዲህ ያለውን ሰው ሰፈር አይጣው። ሠርካለም ድምጿ እስኪዘጋ አወጣች፤ ጠባሳው ሁሉ አልጠፋም፣ እሷ ግን ረስታው ነበር።

በማግሥቱ ቫዝሊኗን ይዛ እትዬዋ ቤት ሄደች። ያ ስንት ዓመት ከፀሐይ የተደበቀ ፊት ጠቁሯል፤ አፍንጫው ተልጧል። ጥሩሐረግ መስታወት ይዛ «ምን ይሻለኛል? መቼ ነው የሚመለስልኝ?» ትላለች።

ሠርካለም አጠገቧ ተቀመጠችና ቫዝሊኑን በጣቷ ቀስ አድርጋ ቀባቻት።

«ቆዳ ትዕግሥት ነው፣ እትዬ» አለቻት።