ጋሽ ከሥሩና አራት ሺህ ጥያቄ

ውሃ አምጣ ሲሉት ጉድጓድ መቆፈር የሚጀምር ሰው የትም አይጠፋም። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አለ፤ በየቤተዘመዱ አንድ አለ፤ ምነው ሁለት ቢሆኑ ብሎ የተመኘ ግን እስካሁን አልተሰማም። ሚስማር ምታልኝ ቢሉት ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ይጠይቃል። ሰዓት ስንት ነው ያለው መንገደኛ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ጠንቅቆ አውቆ፣ ቀጠሮው አልፎበት ይሄዳል።

የውሃ አገልግሎቱ ቁጥጥር ክፍል ድርሻ ጋሽ ከሥሩ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ሆኖም ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ነገር ከሥሩ ነው» ሲሉ የሰማ ሁሉ እውነተኛ ስማቸውን ረስቶታል፤ የደመወዝ ክፍሉም ጭምር አንድ ወር ተሳስቷል። ከሸሚዛቸው ኪስ ሦስት እርሳስ አይጠፋም። አንዱ እርግጠኛ ለሆኑበት ነገር፣ አንዱ ለሚጠራጠሩት፣ ሦስተኛው ከሁለቱ አንዱ ቢሰበር።

ይህን ጸጋ በየቀኑ የምትቀበለው የክፍሉ ኃላፊ ናት። በዕድሜ ልጃቸው ልትሆን ትችላለች፤ በሥልጣን አለቃቸው ናት፤ በትዕግሥት ደግሞ፣ ራሷ እንደምትለው፣ ሰማዕት። አንድ ጠዋት «ጋሼ፣ ይሄ ፕሪንተር ይጮኻል፣ እስቲ ይዩልኝ» ብላቸው ለሌላ ጉዳይ ወጣች። ስትመለስ ፕሪንተሩ በትልቁ የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ በአርባ ቦታ ተበታትኖ፣ እያንዳንዱ ብሎን በወረቀት ላይ ቁጥር ወጥቶለት ተኝቷል። የበላይ አመራሩ ስብሰባ ወደ ኮሪደር ተዛውሯል። ክቡርነታቸው ጋሽ ከሥሩ ቀና ብለው ፍርዱን አሰሙ፦

«ወረቀት አልቆበት ነው።»

«እሱንማ እኔም አውቅ ነበር።»

«አንቺ ገምተሽ ነው። እኔ አውቄ ነው።»

ይህ እንግዲህ በሰላሙ ቀን ነው። አሁን የሚነገረው የክፉው ሳምንት ነው።

ሰኞ ጠዋት ኮረብታው ላይ ያለው የውሃ ታንከር መቆጣጠሪያ ማሽን ተቃጠለ። የማሽኑ ሥራ ቀላል ነው፤ የውሃውን ከፍታ ይለካል፣ ሲጎድል ፓምፑን ያስነሳል፣ ሲሞላ ያጠፋል። እሱ ከሌለ ኦፕሬተሩ መሰላል ወጥቶ በዓይኑ እያየ ፓምፑን በእጁ ለአንድ ለሁለት ሰዓት ያስነሳል። እንዲህ ያለው ውሃ ምድር ቤት ላሉት ይደርስና ፎቅ ላይ ላሉት ፉጨት ብቻ ይልካል። ኃላፊዋ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አማቷም አብረዋት ናቸው።

መጋዘን ውስጥ አዲስ ማሽን ነበር። ችግሩ የአዲሱ ፕሮሰሰርና የተቃጠለው ፕሮሰሰር ዘራቸው ለየቅል መሆኑ ነው፤ ባለሙያዎቹ አርክቴክቸር ይሉታል። ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ደግሞ በብረቱና በፕሮግራሞቹ መሃል ተቀምጦ እንደሚያስማማ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌው የብረቱን ቋንቋ ካላወቀ እርቅ የለም። ስለዚህ ለአዲሱ ፕሮሰሰር የሚስማማ ከርነል መሰናዳት ነበረበት። ሲሰናዳ ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፤ ይህ ይግባ? ያኛው ይቅር? እንዲህ እያለ አራት ሺህ ያህል ጥያቄ። ጤነኛ ሰው አምራቹ አስቀድሞ መልሶ የላከውን ዝግጁ ቅጽ ይወስድና፣ ሁለት ሦስት ቦታ ነካክቶ፣ ምሳውን ይበላል።

«ዝግጁው ይበቃናል ጋሼ» አለች ኃላፊዋ። «ነገ ከሰዓት ውሃ ያስፈልጋል።»

«ዝግጁ ማለት ሌላ ሰው ለሌላ ሰው የመለሰው ማለት ነው እህቴ። ነገር ከሥሩ ነው» አሉና ከቁጥር አንድ ጀመሩ።

ልትከለክላቸው ትችል ነበር። ግን ይህን ሥራ ከክፍሉ ውስጥ ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም፤ እሷም ቀኑን ሙሉ የምትመልሰው የሕዝብ ስልክ አለባት። ማክሰኞ ከሰዓት ስትመጣ ጋሽ ከሥሩ አፍንጫቸውን ከስክሪኑ ሊያገናኙ ምንም አልቀራቸውም።

«ስንት ደረሱ?»

«ሦስት መቶ አሥር። ነይማ ይቺን እዪልኝ። ይሄ ከርነል ጆይስቲክ ይቀበላል ወይ ነው የሚለው።»

«ጆይስቲክ?»

«የጌም መጫወቻው። ታንከሩ ጌም ይጫወታል?»

«አይጫወትም ጋሼ።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ግን አይ ካልን ለምን አይ እንዳልን መጻፍ አለበት» ብለው የእርግጠኛውን እርሳስ መዘው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። በቀስታ። በሚያምር ጽሕፈት።

ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏ ከምድር ቤት ጎረቤት የቀዳውን ጀሪካን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ወገቡን ይዟል። አማቷ በር ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ ውሃው የት ደረሰ?»

«ሦስት መቶ አሥር ላይ ነው እማዬ።»

«ሜትር ነው?»

«ጥያቄ ነው።»

«ውሃም ይጠየቃል እንዴ?» አሉና አማቷ የቀረችውን አንድ ጣሳ ውሃ ለእግሯ መታጠቢያ ሰጧት። ይህ ደግነት ከቁጣ የባሰ አንገበገባት።

ረቡዕ ጋሽ ከሥሩ አንድ ጥያቄ ላይ ቆሙ። ቆሙ ማለት ግማሽ ቀን ቆሙ። ጥያቄው ፕሮሰሰሩ ቁጥርን ሲያስቀምጥ ትልቁን ጫፍ ነው ወይስ ትንሹን ጫፍ ነው የሚያስቀድመው፣ ከሃያ አምስት ሃያውን ወይስ አምስቱን እንደ ማለት ነው። አዲሱ ፕሮሰሰር ሁለቱንም ይችላል፤ ምረጡ ይላል። ጋሽ ከሥሩ ለመምረጥ የከፍታ መለኪያውን የድሮ መመሪያ ካላየሁ አሉ። መመሪያው መዝገብ ቤት ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ናት፤ ቁልፉ ከእሷ ጋር ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ብቻ መቶ አርባ ስልክ አንስቻለሁ» አለች ኃላፊዋ፣ ድምፅዋን እንደምንም ዝቅ አድርጋ። «አንዷ ሴትዮ ሕፃን ልጇን በምን እንደምታጥብ ጠየቀችኝ። ጫፍ ነው ያሉኝ? እንደ ሁሉም ሰው ያድርጉትና ይለፉት።»

«ሁሉም ሰው ማለት ማን ነው?»

ኃላፊዋ በሩን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ዘጋችው። ክቡርነታቸው ሁለተኛውን እርሳስ አውጥተው የጥያቄ ምልክት አደረጉ።

ያም ሆኖ ቁጣዋ ሳይነካቸው አልቀረም፤ ሐሙስ ጠዋት መፍጠን ጀመሩ። ለመፍጠን ዘዴ አግኝተዋል። አንድ ትልቅ ርእስ ላይ አይ ካሉ፣ ሥሩ ያሉት ሁለት መቶና ሦስት መቶ ጥያቄዎች አብረው ይወድቃሉ። እንደ አረም ነቃይ ደስ አላቸው። ድምፅ ማጉያ? አይ። ካሜራ? አይ። በዩኤስቢ የሚሰካ ነገር በሙሉ? «ታንከር ላይ ፍላሽ የሚሰካ ማን ነው?» ብለው አይ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ አራቱ ሺህ ጥያቄ አለቀ፤ ከርነሉም ተገነባ። ኮረብታው ላይ ሁሉም ተሰብስቦ ማሽኑ ሲበራ አየ። እንደ መብረቅ ተነሣ። እንዲህ ፈጥኖ የተነሣ ማሽን ኦፕሬተሩ በዕድሜው አላየም። ከዚያ ስክሪኑ የይለፍ ቃል ጠየቀ።

ኃላፊዋ ጻፈች። ምንም የለም። ደግማ ጻፈች። ኪቦርዱን ነቅላ ሰካች።

«ጋሼ፣ ይሄ ኪቦርድ በምንድን ነው የሚሰካው?»

ጋሽ ከሥሩ ሽቦውን በዓይናቸው ተከትለው እስከ መጨረሻው ሄዱ፤ ሲደርሱ ፊታቸው ተለዋወጠ። «በዩኤስቢ» አሉ።

አራት ቀን። አራት ሺህ ጥያቄ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ኃላፊዋ ሰኞ ዕለት ለክፉ ቀን ብላ ያዘጋጀችውን፣ ዝግጁው ከርነል ያለበትን ካርድ ከቦርሳዋ አወጣች፣ በገዛ እጇ ጫነች፤ ኪቦርዱ ሠራ፣ ፓምፑ ተነሣ። ኦፕሬተሩ አጨበጨበ። ጋሽ ከሥሩ ጥግ ላይ ባለች ሣጥን ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። እሷ ቤት ደወለች።

«እማዬ፣ ባልዲ ያሰናዱ።»

አማቷ ሰባት ባልዲ፣ ሁለት ገንዳና አንድ የአበባ ማስቀመጫ ደረደሩ። ፓምፑ አራት ደቂቃ ሠርቶ ቆመ።

ስክሪኑ ታንከሩ ጢም ብሎ ሞልቷል ይላል። ኦፕሬተሩ መሰላሉን ወጥቶ ክዳኑን ከፈተ። «ሁለት ጣት አይሞላም» አለ ከላይ። «ሁለት ሳንቲሜትር።»

«ማሽኑ ግን አምስት መቶ አሥራ ሁለት ነው የሚለው» አለች ኃላፊዋ። ታንከሩ ሦስት መቶ ሳንቲሜትር ላይ ሞላ ይባላል።

ጋሽ ከሥሩ ቀና አሉ። «ስንት አልሽኝ?»

«አምስት መቶ አሥራ ሁለት።»

ተነሥተው መጡና ደብተራቸው ላይ ሁለት ሣጥን ሣሉ። «መለኪያው የድሮ ነው፤ የለመደው ትልቁን ጫፍ ማስቀደም ነው። ዜሮ፣ ከዚያ ሁለት ብሎ ይልካል። አዲሱ ማሽን ደግሞ ከትንሹ ጫፍ ስለሚጀምር ሁለት፣ ከዚያ ዜሮ ብሎ ያነብበዋል። በእኛ ቁጥር ሁለቱ ሃያ ሆነ እንደ ማለት ነው፤ በማሽኑ ቁጥር ግን የትልቁ ሣጥን አንዱ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ስለሆነ፣ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ይሆናል።»

ኃላፊዋ ደብተሩ ላይ ያለችውን የጥያቄ ምልክት አየቻት። ረቡዕ በሩን የዘጋችበት ጥያቄ ነው። ጋሽ ከሥሩም ማየቷን አዩ።

«ኪቦርዱን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ በቀስታ። «ይቺ ያንቺ ትሁን። ተካፍለናል።»

ዓርብ ጠዋት ጎን ለጎን ተቀመጡ። የእሷን ዝግጁ ቅጽ ከፈቱ፤ ከአራቱ ሺህ አንዱን ብቻ ቀየሩ፤ ፕሮግራሞቹንም በዚያው ልክ ለመገንባት አዘዙ። ግንባታው ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጋሽ ከሥሩ ሻይ ሊያመጡ ወጡ። ኃላፊዋ ሥራ ፈታ ደብተሩን ገለጠችው፤ የምትጠብቀው የአንድ ቀበጥ ሽማግሌ የጆይስቲክ ማስታወሻ ነበር።

አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ማሽኑ ሲደነዝዝ ራሱን እንዲያስነሣ፦ አዎ። አይ ከተባለ ኦፕሬተሩ ከቤቱ በእግሩ መምጣት አለበት። ቤቱ ሩቅ ነው፣ ጉልበቱም ደህና አይደለም።»

ሌላው፦ «መብራት ሲመለስ ሰዓቱን እንዲያስታውስ፦ አዎ። ያለዚያ የጠዋቱ ፓምፕ አርፍዶ ይነሣል፤ የተማሪዎች ወላጆች ይቸገራሉ።»

ሁለት ገጽ አለፍ ብሎ፦ «የሰዓት አቆጣጠሩ ጥራት፦ ከፍተኛው። የፓምፑ ግፊት በየቅጽበቱ ካልተለካ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም። የኃላፊዋ አማት አራተኛ ላይ ናቸው።»

በእርግጠኛው እርሳስ ነው የተጻፈው። የገጹም ቀን ማክሰኞ ይላል፤ እሷ ኮሪደር ላይ ቆማ «ይሄ ሰውዬ ምን ግድ አለው» ስትል በነበረበት ቀን። ሻዩን ይዘው ሲገቡ ደብተሩ ቦታው ላይ ተዘግቶ ነበር። እሷ በዝግጁው ቅጽ ላይ ከደብተሩ ያነበበቻቸውን ሦስቱን አንድ በአንድ ጨመረቻቸው፤ ግንባታውም ከመጀመሪያው እንዲጀመር አዘዘች። ጋሽ ከሥሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«ይዘገያል እኮ» አሉ።

«ይዘግይ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧው ሁለቴ አስነጠሰና ውሃ ተፋ። አማቷ ስልክ ደወሉ። «ጥያቄው አለቀ ማለት ነው?» አሉ፤ ከጀርባቸው የሰባት ባልዲ ድምፅ ይሰማል።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። አብሯት የተማረ ሰው ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። የቀሩት አምስት ጣቢያዎች ማሽናቸው ሊቀየር ነው፤ ያለፈውን ሳምንት ሰምቷል።

«ሌላ ሰው ልስጥሽ» አላት። «ፈጣን ነው አሉ። ሽማግሌውን መዝገብ ቤት እናሳርፋቸው።»

አሳቡ ጥሩ ነበር። ራሷ ስንት ጊዜ ተመኝታዋለች። ባለፈው ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕ በሩን ስትዘጋም በዚህ ቃል ነው የተመኘችው።

«ፈጣኑ በስንት ቀን ይጨርሰዋል?» አለች።

«በሁለት ቀን።»

«ሦስተኛው ቀን ላይ ማንን ነው የምትጠራው?»

«አንቺን።»

«እኔ ደግሞ የምጠራው እሳቸውን ነው። ሁለቱን ቀን ለምን እናባክናለን?»

ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን ሰበቀ። «እያማረርሽ የምትኖሪው አንቺ ነሽ» አለ።

«አዎ፣ አማርራለሁ» አለች። «እሱን ለእኔ ተወው።»

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ጋሽ ከሥሩ ያን ዕለት ሁለተኛው ጣቢያ ሄደዋል፤ አምፖል ሊቀይሩ ተልከው፣ በወሬ እንደተሰማው፣ የሕንፃውን የኤሌክትሪክ መስመር በሙሉ ወረቀት ላይ እየሣሉ ነው። ስልኳን አነሣች፤ ከመደወሏ በፊት ግን በሩን ገርበብ አደረገች፣ ውሃ ቀዳች፣ ወንበር ስባ ተደላድላ ተቀመጠች። ከዚያ ደወለች።

«ጋሼ፣ አምስት ጣቢያ ተሰጥቶናል።»

«ፕሮሰሰሩ ምን ዓይነት ነው?» አሉ።