አይጥ ድመት ስታይ

ለምታደርጉት ነገር ሁሉ የሚሊዮን ዓመት ምክንያት የሚያመጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ደብረ ታቦር ጎረቤታችን የሆኑት የባዮሎጂ መምህር እንዲህ ናቸው። የባጃጅ ጥሩንባ አስደንግጧችሁ ከዘለላችሁ፣ የዘለለው ከእባብ ይሸሽ የነበረው የጥንቱ አንጎላችሁ ነው። ጠግባችሁ እንጀራ ከደገማችሁም፣ ረሃብን ያልረሳው ያው አንጎል ነው።

ታላቅ ወንድሜ እስኪሞት ድረስ እስቅባቸው ነበር።

ለቅሶው ላይ እንባ እምቢ አለኝ። በእኛ አገር ለወንድሙ የማያለቅስ ሰው ምን ይባላል? አክስቴ በሰው ፊት፣ «ይኼ ልጅ አንጀት የለውም እንዴ?» አሉ።

መምህሩ ከንፍሯቸው ቀና አሉ። «እትዬ፣ አይጥ ድመት ስታይ ምን ትሆናለች?»

«አሁን የአይጥ ወሬ ነው?»

«ድርቅ ነው የምትለው። የእኛም አንጎል ያን የጥንት ነገር አልተወም። ልጁ ጨክኖ አይደለም፤ ደንግጦ ነው። ወገን አጠገቡ መኖሩን ሲያውቅ ይለቀዋል።»

«ጭራሽ ከአይጥ ጋር ያዛምዱን!» አሉ አክስቴ። ግን ተነስተው መጡና አቀፉኝ። «በል አይጤ፣ ድመቷ ሄዳለች። እኔ አለሁልህ።»

ድንኳኑ እስኪናጋ አለቀስኩ። ቀና ስል መምህሩም ያለቅሳሉ፤ ለራሳቸው እንባ ግን ምንም ምክንያት አላመጡም።