የሬስ ፍሪሲዮን ገጥሞ ክርስትና የሄደ ሰው

ነጭ ለብሳችሁ፣ ሽቶ ተቀብታችሁ፣ አንድ አውቶብስ ሙሉ ሰው እያያችሁ ዳገት ላይ ተገትራችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ አውቃለሁ!

ዛሬ ጠዋት አንድ ጎረምሳ ኢንቦክስ አድርጎልኝ ነው ነገሩ የተቀሰቀሰብኝ። «ጋሼ መላኩ፣ ዲዝሏን ቱን አስደርጌ ጉልበት ባስጨምርላት ፍሪሲዮኗ አልችል አለ። የትኛውን ላስገጥም?» ይለኛል።

ልጄ፣ ሰው አጥተህ ነው እኔን የምትጠይቀው?!

ኦኬ። ነገሩ የሆነው በናይንቲዎቹ፣ እዚሁ ሲያትል ነው።

ያኔ አንዲት ጀርመን ሠራሽ ዲዝል ነበረችኝ። ማንዋል። አሮጌ ናት፣ ግን እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የማያት። ጓደኛዬ ዮናስ ደግሞ ቀይ፣ አውቶማቲክ፣ ቤንዚን የምትጠጣ መኪና ነበረችው። የኔን ድምፅ በሰማ ቁጥር «ወፍጮ ቤቱ መጣ! እህል አምጡ!» ይላል።

ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ውስጤ ግን እርር ይላል።

ሶ፣ ምን አደረግኩ? የነዳጅ ፓምፑን አስከፈትኩ፣ ተርቦውን አስጨመርኩ። ሃይዌይ ላይ ስረግጣት ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ይጣበቃል! ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ትለቃለች። ዮናስን አንድ ቀን ጥዬው ሄድኩ። ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ባለችበት ናት። የሞተሩን ጉልበት ፍሪሲዮኑ አልይዝ ብሎ ይንሸራተታል ማለት ነው። ከዚያ የሚያቃጥል ሽታ።

ጋራዥ ሄድኩ። ባለቤቱ ዴል የሚባል ቁጥብ ፈረንጅ ነው። ሦስት ዓይነት ፍሪሲዮን ጠረጴዛ ላይ ደረደረልኝ። አንደኛው ፋብሪካ የገጠመላት ዓይነት ነው፤ ይኼ ቱን የተደረገ ሞተር አይችልም። ሁለተኛው ጠንከር ያለ፣ ግን ለመንገድ የሚሆን። ሦስተኛው የሬስ። ወይ ይይዛል፣ ወይ አይይዝም። መሃል የሚባል ነገር አያውቅም።

«ሬስ ትወዳደራለህ?» አለኝ።

«አልወዳደርም።»

«ትራፊክ መብራት ላይ ትቆማለህ?»

«እቆማለሁ።»

«እንግዲያው ሁለተኛው ይበቃሃል።»

ይበቃሃል?! ለኔ?!

ባለቤቴ ትዕግስት አጠገቤ ነበረች። «መላኩ፣ ሰውየው እኮ ነገረህ» አለችኝ። «እኔም እኮ ነኝ የምነዳት። እግሬ ይችለዋል?»

እኔ ግን የሚታየኝ የዮናስ ፊት ብቻ ነበር። «የሬሱን ግጠምልኝ!» አልኩት።

ገጠመልኝ።

ፔዳሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ድንጋይ! ሁለት መብራት ካለፍኩ ግራ ጭኔ ይንቀጠቀጣል። ስለቀው ደግሞ መኪናዋ እንደደነበረች በቅሎ ትዘላለች። ትዕግስት አንድ ጊዜ ነዳቻትና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጣ «በል መኪናህን ያዝ» አለችኝ።

«መኪናችን» የነበረችው «መኪናህ» ሆና ቀረች!

እለምደዋለሁ ብዬ ነበር። ሳልለምደው ጉዱ መጣ።

ብርሃኑና ባለቤቱ ሰናይት ማውንትሌክ ቴራስ የሚባለው ሰፈር ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ዓመታት ጠብቀው፣ ተስለው፣ በመጨረሻ ወንድ ልጅ ወለዱ። የክርስትና አባቱ ደግሞ እኔ! ብርሃኑ ሲነግረኝ አለቀስኩ። እኔና ትዕግስት ያኔ ልጅ አልነበረንም። ይኼ ልጅ በምን ዓይን ይታየኝ እንደነበር እናንተው ገምቱ።

አርባ ቀኑ እሁድ ላይ ዋለ። ክርስትናው የሚነሳው ካፒቶል ሂል ላይ፣ ለእሁድ ማለዳ በምንከራየው ቤተ ክርስቲያን ነው። ብርሃኑና ትዕግስት ምግቡን በቫን ጭነው ቀደሙ። ሰናይትም ከነሱ ጋር ልትሄድ ነበር።

«በጭራሽ! የክርስትና ልጄ በኔ መኪና ነው የሚሄደው!» አልኩ።

ማን ጠየቀኝ?!

ከኋላ ሰናይት ተቀመጠች። መሃል ላይ ሕፃኑ ካርሲቱ፣ የሕፃን ወንበሩ ውስጥ ተኝቷል። በዚያ በኩል የሰናይት እናት፣ እማማ አስካለ። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው።

ሃይዌይ ላይ ንግሥት ናት! አንዴ አምስተኛ ማርሽ ከገባ ፍሪሲዮን የሚነካው ማን ነው? እማማ አስካለ «ይቺ መኪናህስ ትበራለች ልጄ» አሉኝ። ደረቴ ተነፋ።

ከሃይዌይ ወጣን። ካፊያ ጀመረ። ዳገቱ መጣ።

ካፒቶል ሂልን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዳንዱ መንገድ ግድግዳ ነው። ወደ መብራቱ እየተጠጋሁ «አረንጓዴ ሁን፣ በእመቤቴ አረንጓዴ ሁን» እላለሁ።

ቀላ።

ቆምኩ። መስተዋቱን አየሁ። ከኋላዬ ጥግ ድረስ ተጠግቶ አውቶብስ ቆሟል። ያውም ከላይ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር የተያያዘው ዓይነት! በግራም በቀኝም መኪና ፓርክ ተደርጓል። ዞሮ ሊያልፈኝ አይችልም።

አረንጓዴ።

ፍሪሲዮኑን ድንገት ብለቀው መኪናዋ ትዘላለች። ሕፃኑስ? አንገቱ ገና አልጠናም እኮ! ቀስ ብዬ ልልቀቀው አልኩ። መኪናዋ ከሥር እስከ ላይ ተርገፈገፈች። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ከዚያ ጸጥ።

ሞተሩ ጠፋ። ወደ ኋላ ተንሸራተትን!

ፍሬን!

«መላኩ!» አለች ሰናይት። ሕፃኑ ባንኖ ጮኸ።

አስነሳሁ። እንደገና ሞከርኩ። ተርገፈገፈች። ጠፋች። ተንሸራተትን። አውቶብሱ ጡሩምባውን አምባረቀ። የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ ጭኔ ከቁጥጥሬ ውጭ ይንቀጠቀጣል። ሰናይት ልጇን በሁለት እጇ ደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ላብ አጠመቀኝ።

ሕፃኑ ሳይጠመቅ የክርስትና አባቱ ተጠመቀ!

መብራቱ ስንት ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ስንት ጊዜ እንደቀላ አላውቅም።

«ልጄ» አሉኝ እማማ አስካለ፣ በጣም በረጋ ድምፅ። «ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው?»

«አይ እማማ፣ ዳገቱ አናት ላይ ነው። አሁን እንደርሳለን!»

«በል አውርደን።»

«እማማ፣ አንዴ ብቻ ይታገሱኝ...»

«ቅዳሴ ሰው አይጠብቅም። አንተ መኪናህን ይዘህ ድረስብን። ሰናይት፣ ልጁን አቀብዪኝ።»

ወረዱ። እማማ አስካለ ሕፃኑን በነጠላቸው ደረታቸው ላይ ሸፍነው ዳገቱን ተያያዙት። ሰናይት ጃንጥላ ይዛላቸው ከጎናቸው።

የአርባ ቀን ሕፃን፣ አንዲት አራስና አንዲት አሮጊት ቱን የተደረገች መኪናዬን በእግራቸው ቀደሟት!

መስኮቴ ተንኳኳ። የአውቶብሱ ሾፌር ናት። «ሰር፣ እንግፋህ?» አለችኝ። ከኋላዋ ተሳፋሪዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል። አይ ልል ነበር። በየት አፌ?

ገፉኝ። አሁን ሕፃን የለም፤ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩና ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። ዘለለች! ሄደች!

ግን ፓምፑ የተከፈተ ዲዝል እንደዚያ ሲረገጥ ምን ይተፋል?

ያ ሁሉ ጥቁር ጭስ ያ ሁሉ ደግ ሰው ፊት ላይ! በመስተዋት ሳይ ክሬም ኮት የለበሰ አንድ ሰውዬ ግራጫ ሆኗል።

ቆሜ ይቅርታ ልጠይቅ? ዳገት ላይ?! አልቆምኩም!

አናት ላይ ፓርኪንግ የለም። ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ በየመታጠፊያው እየዘለልኩ ዞርኩ። በመጨረሻ የሰው በር ላይ ገትሬያት ሮጥኩ።

በሩን ስከፍት የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። ውኃው ነክቶታል።

ቄሱ «የክርስትና አባቱ የታለ?» ብለው ጠየቁ አሉ። ጠበቁ። ደግመው ጠየቁ። ከዚያ ከምእመኑ መሃል አንድ ሰው ወደ ፊት ወጣ።

ማን ይመስላችኋል?

ዮናስ!

ልጁን ታቅፎ ቆሟል። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አያሾፍም፣ አይስቅም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እኔን ሲያይ ደንግጦ ልጁን ሊያቀብለኝ እጁን ዘረጋ። ቄሱ አይሆንም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

አለቀ።

ብርሃኑ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እማማ አስካለ «ደህና ደረስክ ልጄ?» ብለው ከልባቸው ሲጠይቁኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ቀኑን ሙሉ ትሪ ተሸክሜ እንግዳ አስተናገድኩ።

ስንመለስ ትዕግስት ከኔ ጋር አልገባችም። በዮናስ አውቶማቲክ ሄደች!

በሳምንቱ ዴል ጋ ሄጄ ሁለተኛውን አስገጠምኩ። ፔዳሉ ቅቤ ነው! ብቻዬን ወደዚያ ዳገት ነዳሁ። ቀይ መብራት ላይ ቆምኩ። አረንጓዴ ሲሆን መኪናዋ ሳትነቃነቅ፣ ሳትርገፈገፍ፣ ቀስ ብላ ተነሳች። የተኛ ሕፃን እንኳን አይነቃም ነበር። ወደ ኋላ ወንበር ዞር ብዬ አየሁ።

ባዶ ነው።

ልጁ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፣ ፂሙ ከኔ ይበልጣል። ሲያገኘኝ አቅፎ ይስመኛል፤ «ጋሼ» ይለኛል። ዮናስን ግን «አባባ» ነው የሚለው። እሷን ቃል በሰማሁ ቁጥር ግራ ጭኔን ይወጋኛል!

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ ሰው መኪናውን የሚያሠራው ለሚሳፈርባት ነው ወይስ ለሚስቅባት?