ያላገባው አባወራ

የገዛ ቤቱን ከገዛ ሚስቱ ለማዳን ሲል ገብረየስ ያሳየው ብልሃት፣ ትጋትና አርቆ አሳቢነት ለመጪው ትውልድ ትምህርት ሊሆን ስለሚገባው እነሆ ተጽፏል። ባለጉዳዩም አልተቃወመም። እንዲያውም "ጨምሩበት፤ የእኔ ጅልነት በዚህ ብቻ አያልቅም" ብሏል።

ገብረየስ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት ክፍል ሰነድ መርማሪ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውና ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ካልተመሳሰለ አንዲት ጽጌረዳ አያሳልፍም። ሚስቱ ተናኜ "በቃኝ፣ እንፋታ" ብላ ኦሎምፒያ እህቷ ዘንድ የገባች ሳምንት ግን ይህን ሙያውን ለጊዜው አስቀመጠው። ሁለቱ ተጋግዘው የገዟት የሰሚት ኮንዶሚኒየም ግማሿ ለተናኜ ልትደርስ መሆኑ አንገበገበው። ደግነቱ ካርታው በእሱ ስም ነበር።

መላው ቀላል ነው፤ ቤቷን ለይስሙላ ለታመነ ሰው መሸጥ። ከሚዜ የበለጠ የታመነ ደግሞ ከየት ይመጣል? በሠርጉ ቀን በር ይዘው "አናስገባም" ያሉትን ሴቶች ጥሶ ሙሽራዋን ያወጣለት ገብረሰንበት ተጠራ።

ሕጉ የትዳርን ቤት ያለ ሚስት ፈቃድ መሸጥ አይቻልም ይላል። ሚስት የሌለው ሰው ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ገብረየስ ከወረዳው "ያላገባ" የሚል ማስረጃ አወጣ። አግብቶ እንደማያውቅ የመሰከሩለት ሦስቱም ሰዎች የሠርጉን ጥሬ ሥጋ የበሉ ናቸው፤ አንደኛው ራሱ ገብረሰንበት ነበር።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ገብረየስ ፈራ ተባ እያለ፣

"ቤቷ የእኔ መሆኗን የምትገልጽ አንዲት ወረቀት በመካከላችን ብንጽፍስ?" አለው።

"ገብሬ፣ ሚዜህን በወረቀት ልታስር?"

ገብረየስ ከልቡ አፈረ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ጊዜ መግፋት ብቻ ነበር። ሚስት እንዲህ ያለውን ሽያጭ ማስፈረስ የምትችለው ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ባታውቅም ውሉ በተፈረመ በሁለት ዓመት ውስጥ መሆኑን አጥንቷል። ተናኜ ፍርድ ቤት ከመሄዷ በፊት ሽማግሌ ላከች። ገብረየስም ሽማግሌዎቹን በክብር እየተቀበለ፣ መልእክታቸውን ሳይሰማ ቀጠሮውን በክብር አራዘመባቸው። አንዴ ፆም ነው፣ አንዴ ክረምቱ ይውጣ፣ አንዴ ቢሮ ኦዲት ገብቷል።

"ልጄ፣ የያዝነው መልእክት እኮ አጭር ነው" አሉት አንደኛው።

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፣ አባቴ" አላቸው።

ሁለት ዓመቱ ማክሰኞ ሞላ። ዓርብ ጠዋት ገብረየስ እያፏጨ ሚዜው ዘንድ ደወለ።

"ያን ካርታ ልወስድ መቼ ልምጣ?"

"የቱን ካርታ?"

"የቤቴን ነዋ።"

"የገዛሁትን ቤት ማለትህ ነው? ጥሩ አነሳኸው። እስከ ወሩ መጨረሻ ብትለቅልኝ ደስ ይለኛል።"

"ገብረሰንበት፣ አንተ እኮ ሚዜዬ ነህ።"

"ያላገባ ሰው ምን ሚዜ አለው? የመሰከርኩት እኔው ነኝ።"

ገብረየስ ጎዳና ላይ ሊወድቅ ነው። ወዲያው ተናኜን ይዞ ወደ ጠበቃዋ ወደ ሐቢባ ቢሮ ሮጠ።

"ክሰሱኝ" አለ ገና ከመቀመጡ። "ሚስቴን አታልያለሁ። ሽያጩ ይፍረስ። ሁሉንም አምናለሁ፣ ምስክር አያስፈልግም።"

"እንደ እርስዎ ያለ ተባባሪ ተከሳሽ ገጥሞኝ አያውቅም" አለች ሐቢባ። "ውሉ የተፈረመው መቼ ነው?"

ነገራት። እሷም የቀን መቁጠሪያዋን አየችና ብዕሯን አስቀመጠች።

"እስከ ማክሰኞ ቢሆን እናፈርሰው ነበር። ማነው ያዘገያት?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ተናኜ ከቤቱ ያጣችውን ከእርስዎ ድርሻ ትካሳለች፤ ከመኪናውም፣ ከቁጠባውም። እርስዎ ደግሞ ሽያጩ የይስሙላ ነበር ብለው ሚዜዎን መክሰስ ይችላሉ። የተጻጻፋችሁት ወረቀት ይኖራል መቼም?"

ገብረየስ ወደ ተናኜ ዞረ።

"ለመሆኑ በሽማግሌዎቹ ምን ልትጠይቂኝ ነበር?"

"ቤቱ ለእሱ ይሁን፣ መኪናዋን ብቻ ይተውልኝ ብዬ ነበር የላክኋቸው" አለች ተናኜ ቦርሳዋን እያነሳች። "ሁለት ዓመት ሙሉ የተመላለሱት ይህንኑ ሊነግሩህ ነው።"