በጌዲዮን ስም የተሰጠው በግ

የራሱን የሚሰጥ ሰው ቸር ይባላል። የሰው የሚወስድ ሌባ ይባላል። የሰው ወስዶ ለሌላ የሚሰጥ፣ ያውም ባለንብረቱ እንዲመረቅበት የሚያደርግ ሰው ግን በየከተማው ሞልቶ ሳለ እስካሁን ስም አልወጣለትም። ንፋስ መውጫ ላይ ስሙ እትዬ መሰለች ነው።

ክብርት እትዬ መሰለች ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ነርስ ናቸው። የከተማው ካቶሊኮች ሁሉ ቢሰበሰቡ አንድ ሚኒባስ አይሞሉም። ቄሱ ከባሕር ዳር የሚመጡት በወር አንዴ ስለሆነ፣ በቀረው ጊዜ ቤተ ጸሎቱንም፣ ግቢው ውስጥ ያለውን መዋዕለ ሕፃናትም፣ ድሃውንም፣ ቸሩንም የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። ካቶሊክ ያልሆነውም ቢሆን ከእጃቸው አያመልጥም። የከተማውን ግማሽ ጎልማሳ በልጅነቱ መርፌ የወጉት እሳቸው ናቸውና ፊታቸው ቆሞ እምቢ የሚል ሰው የለም። እምቢ ሊል አፉን ሲከፍት የድሮው ቦታ ይጠዘጥዘዋል።

አሠራራቸው ቀላል ነው። ሰው አይለምኑም። የተለመነ ሰው እምቢ ሊል ይችላል፤ እሳቸው ስለዚህ በቀጥታ ወደ ምስጋናው ይሄዳሉ። የእሁድ ጸሎት ሲያበቃ ብድግ ይሉና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እንግዲህ አያሌው ረቡዕ ረቡዕ ባጃጁን ለበሽተኞች ሰጥቶናል፤ እግዜር ይስጠው» ይላሉ። አያሌው ባጃጅ ነጂ ነው፤ ኦርቶዶክስ ስለሆነም እዚያ ጸሎት ላይ አልነበረም። መስጠቱን ያወቀው ረቡዕ ጠዋት ባጃጁ ውስጥ ተደርድረው ሲጠብቁት የነበሩ አሮጊቶች በአንድ አፍ ሲመርቁት ነው። ሄዶ ቢጠይቃቸው እትዬ መሰለች ከልባቸው ተገርመው አዩት።

«ምነው አያሌው? ይቺማ ላንተ ምን አላት?»

በዚች «ምን አላት» የምግብ ቤት ባለቤቷ መስከረም ትልልቅ ድስቶቿን አበድራለች፤ አንዱን ድስት ያበደረችው ወጡ ውስጡ እያለ ነው። በዚችው «ምን አላት» አንድ የዞን ሠራተኛ ለሥራ መጥቶ ባደረበት ሳምንት የመዋዕለ ሕፃናቱን አጥር ቀለም ቀብቶ ተመልሷል። እንዴት እንደሆነ ዛሬም አይገባውም ይባላል።

ከሁሉ የባሰው የደረሰው ግን በጌዲዮን ላይ ነው። ጌዲዮን ከእምድብር ወገን የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው። ካቶሊክ፣ ጎረቤት፣ ያውም አፋር በመሆኑ ለእትዬ መሰለች ምቹ ሆኖ ተገኘ። ቅዳሜ ጠዋቱን ለስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች እንደሰጠ ያወቀው በሩ ሲንኳኳ ነው። ባለቤቱ ፍቅርተ አንድ ቀን ትርፍ ብርድ ልብሳቸውን ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ ማታ ብርድ ልብሱ የሌላ ሰው ሆኖ አደረ። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ ብርድ ልብስ የሚያናፍሱት ቤት ውስጥ ነው።

ነገሩ እየቆየ ሲሄድ ጌዲዮን አንድ አመል አወጣ። መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው «እግዜር ይስጥህ» ሲለው «አሜን» አይልም። ይደነግጣል። ምን ሰጥቼ ይሆን እያለ ወደ ቤቱ ይፈጥናል።

ዘንድሮ ግን ለቅበላ ማንም እንዳይነካበት የሚፈልገው አንድ ነገር ነበረው። ከዐቢይ ጾም በፊት ያለችው የመጨረሻዋ እሁድ ሰው ሁሉ ሥጋ የሚሰነባበትባት ቀን ናት። በዚች እሁድ አማቱ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ሊመጡ ነው።

መሪጌታ ከአርብ ገበያ ወዲያ ያለ ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ልጃቸው ፍቅርተ ካቶሊክ ስታገባ አልጮሁም፣ አልረገሙም። ከዚያ የከፋ ነገር አደረጉ፤ ጨዋ ሆኑ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ የሚመጡት ግን ረቡዕ ወይም ዓርብ ብቻ ነው። የአገሩ ሰው ዓርብ ዓርብ አህያውን ጭኖ ወደ አርብ ገበያ ሲጎርፍ፣ እሳቸው ገበያውን ትተው ወደ ንፋስ መውጫ ይወጣሉ። ይቅረቡ ሲባሉ፣ «ጾም አይደለም እንዴ?» ይላሉ። ጾሙ የሚፈታበት ሰዓት ሲቃረብ ደግሞ መኪና እንዳያመልጠኝ ብለው ይነሳሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ በጌዲዮን ቤት ውሃ አልቀመሱም። እሱንም የሚጠሩት «መምህር» ብለው ነው። ፍቅርተ ይህን በሰማች ቁጥር ወደ ጓዳ ትገባለች።

አሁን በስልክ ስትለምናቸው ቆይታ ለእሁድ እሺ አሉ። እሁድ ደግሞ አይጾምም። ጌዲዮን ገበያውን ከዳር እዳር ዞሮ አንድ ሙክት በግ ገዛ። ወገቡ የሞላ፣ ሲሄድ ላቱ የሚወዛወዝ በግ ነው። እቤቱ አምጥቶ ሲያስረው፣ ሦስት ዓመት ያልተናገረውን ሁሉ ይህ በግ ይናገርልኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር።

በርበሬ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙት።

«እግዜር ይስጥህ መምህር፤ ለነገው።»

ጌዲዮን ሮጠ። በጉ እንደታሰረ ነው። አጠገቡ ድንጋይ ላይ እትዬ መሰለች ተቀምጠው ወገቡን ይዳብሳሉ።

«ጥሩ በግ ነው» አሉ። «ለነገው ማዕድ ይበቃል።»

«እትዬ መሰለች፣ ይኼ በግ የአማቴ ነው።»

«አውቃለሁ። ፍቅርተ ነግራኛለች። ምን ላድርግ ታዲያ፣ በሬ እሰጣለሁ ያለው ሰውዬ ስልኩን አጠፋ።»

«እሰጣለሁ ያለው ራሱ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት ያሉለት?»

«እሱም ቢሆን ያው ነው» አሉ እትዬ መሰለች። «ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎች ተጠርተዋል። ለጌዲዮን ይቺማ ምን አላት አልኩ።»

ጌዲዮን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አለ። እትዬ መሰለች አልተቆጡም፤ እጃቸውን ከበጉ ላይ አነሱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አምና አንተም ነበርክ» አሉ ቀስ ብለው። «ማዕዱ ቀርቦ ዓይነ ስውሯ ቦጋለች ሆዴን አመመኝ ብላ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ማንንም ሆዱን አላመመውም። የኛ የካቶሊኮች ማዕድ መሆኑን ሲያስቡት ፈሩ፤ አብሯቸው ተቀምጦ አይዟችሁ ብሉ የሚላቸው የራሳቸው ሰው አልነበረም። አልፈርድባቸውም። ወጡን እኛው የጠገብነው ተከፋፈልነው። እኔ ግን እስከዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ነው ያለው።»

«ዘንድሮስ ምን ተለወጠ?»

«ዘንድሮ ሰው አለን።»

«ማን?»

በዚያው ፍቅርተ ከቤት ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ይውሰዱት» አለች። «አባቴ እዚህ ቤት ተቀምጠው ሥጋ የሚበሉ ይመስልሃል? እኔ አውቃቸዋለሁ። ነገም ሰበብ አያጡም። በጉ እንኳ የሚበላው ሰው ያግኝ።»

ይህን ብላ ፊቷን አዞረች። ጌዲዮን ገመዱን ራሱ ፈታ፤ ክፉኛ ከፍቶት ነበር።

እሁድ ጠዋት አያሌው በስመ አብ ብሎ በጉን ባረከ። ለዚህም ማንም አልጠየቀውም፤ ተመስግኖበት ነው ያገኘው። እኩለ ቀን ላይ ጌዲዮን አማቱን ሊቀበል መናኸሪያ ሲደርስ ግን ዘግይቶ ነበር። መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሚኒባሱ ወርደዋል፤ እትዬ መሰለችም ፊታቸው ቆመው እጅ ይነሳሉ። አያሌው ባጃጁን አስነስቶ ይጠብቃል።

«የኔታ፣ የከተማው ሽማግሌዎች ማዕድ ላይ ሆነው እየጠበቁዎት ነው» ይላሉ እትዬ መሰለች። «ጸሎቱን የኔታ ያደርሱልናል ብሎ ጌዲዮን ቃል ገብቶልናል።»

ጌዲዮን ይህን ሰማ። ብርድ ልብሱም፣ ቅዳሜውም፣ በጉም ሄዷል። በስሙ አማቱ ይሰጣሉ ብሎ ግን አስቦ አያውቅም ነበር።

መሪጌታ ዞር ብለው አዩት። «እውነት ነው፣ መምህር? ቃል ገብተሃል?»

አልገባሁም ቢል እውነቱን ነው። መሪጌታም ያን ጊዜ ሰበብ አገኙ ማለት ነው፤ በዚያው ሚኒባስ ይመለሳሉ። ጌዲዮን እትዬ መሰለችን አየ። እትዬ መሰለች መሬት መሬት ያያሉ፤ እንዲህ ሲሆኑ አይቷቸው አያውቅም። ጉሮሮዬ ላይ ነው ያለው ያሉት ነገር ትዝ አለው።

«ገብቻለሁ፣ የኔታ» አለ።

የማዕዱ ቦታ የመዋዕለ ሕፃናቱ አዳራሽ ነው። ያለው ወንበር የአራት ዓመት ሕፃን የሚቀመጥበት ስለሆነ የንፋስ መውጫ አረጋውያን ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደርሶ፣ ዘንጋቸውን አቅፈው፣ በተርታ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ተጽፏል። ለመሪጌታም የቀረበላቸው ከነዚያው ወንበሮች አንዱ ነው፤ ያውም ቀዩ። ስንቱን የዜማ ተማሪ ያስፈራ ሰው ጋቢውን ሰብስቦ እንደምንም ተቀመጠ።

ከዚያ ተነስተው «አቡነ ዘበሰማያት» አሉ። ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም አብሮ ያዘው፤ ግዕዙ አንድ ነውና ማንም ከማንም ሳይለይ እኩል ጨረሱ። ወጡ ወጣ። እንጀራው ተዘረጋ።

የሚበላ ሰው ግን ጠፋ። ሁሉም የሚያየው የመሪጌታን እጅ ነው። እጁ ጋቢው ውስጥ ነው። መሪጌታ ጸሎት ሊያደርሱ መጡ እንጂ ሊበሉ አልመጡም፤ ፊታቸውም ይህንኑ ይናገራል። አንዱ ሽማግሌ ዘንጉን ጨበጥ አደረገ። አንዷ ነጠላዋን ሰበሰበች። ጌዲዮን የአምናው ሊደገም መሆኑን አየ። ድስቱ ጋ የቆመችው ፍቅርተ ጭልፋውን እንደያዘች ቀርታለች። ክብርት እትዬ መሰለች እንኳ የሚያመሰግኑት ሰው አጡ።

አፋቸውን የከፈቱት ማየት የተሳናቸው ቦጋለች ናቸው።

«የኔታ» አሉ፣ የጸሎቱ ድምፅ ወደተሰማበት ፊታቸውን መልሰው። «እኔ ከገና ወዲህ ሥጋ አልቀመስኩም። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ጾም ነው፤ እስከ ፋሲካ መቆየቴንም እንጃ። ሽታው ገደለኝ። ኃጢአት ካለበት በእርስዎ ይሁንና ይቁረሱልኝ።»

መሪጌታ መጀመሪያ ተኮሳተሩ። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሲታይ ሳቅ ነው። ሦስት ዓመት ጌዲዮን ይህን ሳቅ ሰምቶት አያውቅም። እጃቸውን አወጡና እንጀራውን ቆርሰው፣ ከሥጋው መርጠው፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ቦጋለችን አጎረሱ። ጉርሻው አንድ አይሆንም ተብሎ ደገሙ። ከዚያ ሁሉም እያያቸው ለራሳቸው ቆረሱ።

ያን ጊዜ እጁ ሁሉ በአንዴ ወደ ማዕዱ ወረደ።

«ጥሩ በግ ነው» አሉ መሪጌታ ትንሽ ቆይተው። «ከየት ተገኘ?»

«ከአማችዎ፣ የኔታ» አሉ እትዬ መሰለች፣ ወጥ እየጨመሩላቸው።

መሪጌታ ማኘካቸውን አቆሙ። ሳህኑን አዩ፣ ጌዲዮንን አዩ፣ ጭልፋዋን ይዛ የቆመች ልጃቸውን አዩ። ፍቅርተ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ነበር፤ ልትጠርገው እንኳ አላሰበችም። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እኔ የበላሁት ከነዚህ ሰዎች ማዕድ ነው» አሉ ለሁሉም እንዲሰማ። ከዚያም ቀና ሳይሉ ሳህኑን በእንጀራ እስኪያብሱ ድረስ ወጡን ጨረሱት።

እትዬ መሰለች ይህን ሁሉ አስቀድመው አስበውበት እንደሆነ ጌዲዮን ኋላ ደጋግሞ ጠይቋቸዋል። «እኔ ያሰብኩት ስለ በጉ ነው» ብለው ይምላሉ። የሚያምናቸው የለም፤ እሱም አያምናቸውም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እናቱን ያህል ይወዳቸዋል።

ሰው በልቶ እጁን ሲታጠብ መሪጌታ ከቀዩ ወንበር ለመነሳት ሁለት ሰው ደገፋቸው። ቆመውም መረቁ፤ ጾሙን የበረከት፣ ትንሣኤውን የጤና ያድርግልን አሉ። ምርቃቱ ያበቃ ሲመስል እጃቸውን አነሱ።

«ለፋሲካም እዚሁ እንገናኛለን። ጾሙን በጉ ይፈታዋል» አሉ። ሽማግሌዎቹ የማንን በግ በሚል ተያዩ። መሪጌታ ጌዲዮን ወደቆመበት በአገጫቸው አመለከቱ።

«ይቺማ ለልጄ ምን አላት?»

እትዬ መሰለች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አዳራሹ ጌዲዮንን እግዜር ይስጥህ አለው። እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ቃል የሰማው «ልጄ» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ማታ መሪጌታ ቤቱ አደሩ፤ ውሃም ጠየቁ። ከዚያ በፊት ግን ጌዲዮን ከአያሌው ጋር ድስቶቹን ለመስከረም ሲመልስ፣ አንዲት የማያውቃት ሴትዮ መንገድ ላይ አስቆመችው።

«እግዜር ይስጥህ፣ መምህር።»

ምን ሰጥቼ ይሆን ብሎ አልደነገጠም። ቤቱም አልሮጠም።

«አሜን» አላት።